ከበአታ እስከ ጀብራ፦ ዛርን ቁጭ ብለው የጠየቁ

በ1839 ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከባልደረባው ከካርል ኢዘንበርግ ጋር ወደ ሣህለ ሥላሴ አገር፣ ወደ ሸዋ ዘለቀ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የመጣው ሊያስተምር ነው፤ ያየውንና የሰማውን ግን በየዕለቱ ይጽፍ ነበር። ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ዛር ነው። ሰዎች ተሰብስበው ሲዘፍኑ፣ ትንባሆ ሲያጨሱ፣ በታመመችው ሴት ላይ የሰፈረውን ሲለማመኑ ተመለከተ። ስለ ዛሮቹ ቢጠይቅ 88 ናቸው፣ በሁለት አለቃ ሥር ተከፍለው ይዞራሉ ተባለ። ክራፍ ነገሩን ከሰይጣን ሥራ ቆጥሮ አለፈው። ቢሆንም ጽፎታል፤ ስለጻፈውም ከአንድ መቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ዛር በሸዋ ተቋም ሆኖ፣ አለቃና ሥርዓት ይዞ እንደነበረ እናውቃለን።

ዛሩ ግን ሸዋና ጎንደር ብቻ አልቀረም። በዚያው መቶ ዘመን ከኢትዮጵያ የተፈነገሉ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ልጃገረዶች፣ በመተማና በገላባት በኩል ወደ ሱዳን፣ በምጽዋ በኩል ደግሞ ወደ ጅዳ ይሸጡ ነበር። ካርቱም ራሷ በ1820ዎቹ የግብፅ ጦር ያቆማት ከተማ ናት፤ በመኮንኖቹና በነጋዴዎቹ ቤት ወጥ ቤት፣ ገረድ፣ ቁባት ሆነው የገቡ የሐበሻ ሴቶች ነበሩ። ከአገራቸው ይዘውት የወጡት ዕቃ አልነበረም። የያዙት ቋንቋቸውን፣ ዜማቸውንና ዛራቸውን ነው። ሆላንዳዊው ምሁር ስኑክ ኹርኽሮንዬ በ1885 መካ ሲቀመጥ ዛርን ከልዩ ልዩ አገር በመጡ ሴቶች ቤት ሁሉ ገብቶ አገኘው። ካይሮም በዚያው ዘመን ደርሷል። የዛር መነሻ ኢትዮጵያ ብቻ ነው ወይስ የሐውሳው የመንፈስ ሥርዓት፣ ቦሪም፣ አለበት በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ብዙ ተከራክረዋል፤ ከተሸከሙት ውስጥ የሐበሻ ሴቶች እንደነበሩበት ግን የሱዳን ዛር ራሱ ይመሰክራል፣ ኋላ እንደምናየው።

በ1898 እንግሊዞች ኦምዱርማን ላይ ሱዳንን ይገዛ የነበረውን የኸሊፋውን ጦር ሰብረው ካርቱምን እንደገና ሠሯት። በ1903 በጎርደን ኮሌጅ ሕንጻ ውስጥ የዌልካም የምርምር ላቦራቶሪ ተከፈተ፤ አለቃው አንድሩ ባልፎር የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነበር። ሥራቸው ወባ፣ ትንኝ፣ የከብት በሽታ፣ የዓባይ ውሃ ነው፤ በወንዙ ላይ የሚንሳፈፍ ላቦራቶሪ እንኳ ነበራቸው። በ1908 በወጣው ሦስተኛው ሪፖርታቸው ስለ አገሬው ሕክምና የሚተርኩ ምዕራፎች ገቡ፤ የኮርዶፋኑ ምዕራፍ ርዕስ ሕክምናውን ከ«ከንቱ እምነት» ጋር አያይዞ የሚጠራ ነው። ትንኟን በማይክሮስኮፕ በዚያ ሁሉ ትዕግሥት ያዩ ሰዎች የአገሬውን ፈዋሽ ለማየት ያንን ትዕግሥት አልሰጡትም። በእኔ ግምት የዚያ ዘመን ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ የሰው አእምሮ መታመሙን የሚያውቁ፣ ቃልና ዘዴ ያላቸው ሰዎች አጠገባቸው ሳሉ ሳይጠየቁ ሃያ ሠላሳ ዓመት አለፈ።

ጥያቄው የተጠየቀው ጎንደር ላይ ነው።

በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የምርምር ጉዞ በ1931 ከዳካር ወደ ጅቡቲ አፍሪካን ሊያቋርጥ ተነሳ። ሱዳንን አቋርጠው፣ ገላባት ላይ ሰንብተው፣ በመተማ በኩል ወጥተው ጁላይ 1932 ጎንደር ገቡ፤ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያም እዚያው ቆዩ። የጉዞው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ይባላል። የሠለጠነ አጥኚ አልነበረም፤ ገጣሚ ነበር። ዛርን እንዲያጠና ተመደበ፤ አስተርጓሚውም አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ሆኑ። አባ ጀሮም ኤርትራ የተወለዱ፣ ፈረንሳይኛውን እንደ ውሃ የሚጠጡት፣ መንግሥት ከአዲስ አበባ የላካቸው ሰው ናቸው። ዕድሜ ጠግበው በ1983 እስኪያርፉ ድረስ የጎንደሩን ክረምት የሚያስታውስ ሕያው መዝገብ ነበሩ።

በበአታ ሰፈር መልካም አየሁ የሚባሉ እናት ነበሩ። ባለዛር ናቸው። የታመመ ሰው ወደ ቤታቸው ይመጣል፣ ከፍ ያለበትም እዚያው ይሰነብታል። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከበሮው ይመታል፣ ጭብጨባው ይደራል፤ ዛሩ ሲወርድ ታማሚዋ አንገቷን እያሽከረከረች ታጎራለች። ያን ጊዜ መልካም አየሁ የሚያናግሩት ሴትዮዋን አይደለም፤ በእሷ ላይ የሰፈረውን ነው። ማን ትባላለህ? ከየት ያዝካት? ምን አድርጋህ? ምስህ ምንድን ነው? ዛሩ መጀመሪያ ስሙን ይደብቃል፣ ያሾፋል፣ ይቆጣል። ከዚያ ድርድሩ ይጀመራል። ዛሩ ብዙ ይጠይቃል፣ እሳቸው ያስቀንሱታል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ግብሩ ይቆረጣል፤ የዶሮው ላባ ቀለም ሳይቀር ይለያል። ዛሩ በዚያው አይባረርም። ምሱ እየተሰጠው እንዲታገሥ ይታረቃል፤ ሴትዮዋም ከዚያ በኋላ የዛሯ ፈረስ ሆና ከቤቱ ጭፍሮች ጋር ትቆጠራለች፤ በዓል በመጣ ቁጥር ትመጣለች፣ ሌላዋ ስትታመም ታጨበጭባለች።

መልካም አየሁ ራሳቸው የብዙ ዛሮች ፈረስ ነበሩ። አባ ዮሴፍ ሲወርድባቸው እንደ ካህን ይባርካሉ፤ ሌላው ሲወርድ እንደ ጦር አለቃ ይፎክራሉ። ሌሪስ ቀን ከሌት እዚያ ቤት ዋለ፤ የሚጠይቀውን ይጠይቃል፣ አባ ጀሮም ይተረጉማሉ፣ በዚያው ላይ አማርኛውን በራሳቸው ደብተር ይገለብጣሉ። የመልካም አየሁ ልጅ እማዋይሽም ዛር ነበረባት፤ ዘፈኖቹንና የዛሮቹን የትውልድ ሐረግ እየነገረች አስጽፋለች። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፣ እግዚአብሔር ሊቆጥራቸው ሲመጣ ዐሥራ አምስቱን የተዋቡትን ደበቀች፣ የተደበቁትም እንደተደበቁ ቀሩ፤ ዛሮች እነሱ ናቸው የሚል ታሪክም ደርሶናል። የሚታየው ሰው የማይታየው ዛር ወንድም ነው ማለት ነው፤ ያውም የመልከ ጥፉው ወገን።

ይህ ጨዋታ ንጹሕ ነበር ብዬ አልጽፍም። ገንዘብ በመካከሉ ነበረ፤ ለዛር የሚታረደውን ከብት ዋጋ የከፈሉበት ጊዜ አለ፤ ደብተር የያዘ ነጭ በጉባኤው መሀል ሲቀመጥ ጉባኤው ራሱ እንደሚለወጥ ሌሪስ ራሱ ያውቀው ነበር። ይባስ ብሎ ያው ጉዞ የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አውርዶ፣ በቦታቸው ግልባጭ ለጥፎ፣ ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ወስዷል፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናቸው። የጠየቀውን አክብሮ ያዳመጠና የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያራቆተ ጉዞ አንድ ነው። ሌሪስ የዕለት ማስታወሻውን በ1934 አሳተመ። በ1958 ደግሞ ስለ ጎንደር ዛር አነስ ያለ መጽሐፍ ጻፈ፤ ሐሳቡ ዛር ትያትር ነው፣ ግን ተዋናይዋ የምትኖረው ትያትር ነው የሚል ነው። አስመሳይ አይደለችም፣ ራሷንም ፈጽማ የሳተች አይደለችም። ይህን ሐሳብ ያገኘው በመልካም አየሁ ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ ነው። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው ስም የእሱ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ አዋቂዋ ግን እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ጉዞ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1953 እና በ1954፣ ሳይመን ሜሲንግ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እዚያው ጎንደር ተቀመጠ። እሱ የጻፈው አጠር ያለ ነው፦ ዛር የቡድን ሕክምና ነው። ወደ ዛር ቤት ከሚመጡት አብዛኞቹ ያገቡ ሴቶች ናቸው፤ ከዝቅተኛው መደብ የመጡ፣ በሌላ ማኅበር ውስጥ ቦታ የማያገኙም አሉ። ባለዛሩ በሽታውን ይለያል፣ ጭፍሮቹ ደግሞ አብሮ መኖርን ይሰጣሉ። ሜሲንግ እዚያ ሳለ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም በ1954 በሩን እየከፈተ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ካርቱም ላይ ሌላ ሰው ተነሥቷል፤ እኔም ዘለግ አድርጌ ልተርክ የምፈልገው ስለ እሳቸው ነው። ቲጃኒ አል ማሂ በ1911 በነጭ ዓባይ ዳር ካዋ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በ1935 ከካርቱሙ የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ፣ በየአውራጃው ሠሩ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ ሄደው የአእምሮ ሕክምና ተማሩ። በዚህ ሙያ ዲፕሎማ ከያዙ የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን አንዱ ናቸው። ተመልሰው በ1950 ዓባይን ተሻግሮ በባህሪ፣ በሰሜን ካርቱም፣ የነርቭ ሕመም ክሊኒክ ከፈቱ። እስከዚያ ድረስ የተረበሸ ሰው ዕጣው ወይ እስር ቤት ወይ የሼኽ ግቢ ነበረ።

ዶክተር ቲጃኒ መጻሕፍትና የብራና ጽሑፍ ይሰበስቡ ነበር፤ የጥንቱን የግብፅ ጽሕፈት ሳይቀር ያጠኑ ሰው ናቸው። ያ ቤተ መጻሕፍት ኋላ ለካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተላለፈ። ለሙያቸው ትልቁ ቁም ነገር ግን ከእንግሊዝ ሲመለሱ ያደረጉት ነው፦ በሱዳን ፈዋሾች ላይ አልዘመቱም። ታማሚው ወደ እሳቸው ከመድረሱ በፊት የት የት እንደ ሄደ፣ ሼኹ ምን እንዳሉት፣ የዛር መሪዋ ሼኻ የትኛውን መንፈስ እንደ ጠራችለት ይጠይቁ ነበር። ለታማሚው ያ ታሪክ የሕመሙ አካል ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቤተሰቡን ከታማሚው አልለዩም። ፈዋሾቹን ባለጋራ ሳይሆን የሙያ ጎረቤት አድርገው ቀረቧቸው፤ ዛርም ለብዙ ሴቶች ጭንቀት እውነተኛ እፎይታ እንደሚሰጥ በግልጽ ይናገሩ ነበር።

ክሊኒኩ በተከፈተበት በዚያው በ1950 ሶፊ ዜንኮቭስኪ የምትባል ሴት በሱዳን የምርምር መጽሔት ላይ ስለ ኦምዱርማን ሴቶች ዛርና ተምቡራ ስለሚባለው የዛር ዓይነት ጻፈች። የዚህን ዛር ውስጡን ቀረብ ብሎ ማየት ለሐበሻ አንባቢ የተለየ ስሜት አለው። ሼኻዋ ዕልባ የሚሉት የዕጣን ሣጥን አላት፤ ለእያንዳንዱ የመናፍስት ወገን የተለየ ቅመም ይጨሳል፣ የተለየ ዜማ ይወጣል። ደርቪሾች አሉ፣ ፓሻዎች አሉ፣ ዐረቦች አሉ፣ ኸዋጃዎች (ነጮች) አሉ፤ ኸዋጃው ሲወርድ ለስላሳ መጠጥና ብስኩት ይጠይቃል። የሐበሾቹ ተራ ሲደርስ ቀይ ልብስ ይወጣል፣ ጀበና ይጣዳል። ከሐበሾቹ መናፍስት አንዷ ሉሊያ ሐበሺያ ትባላለች፤ ውብ፣ ሽቶ ወዳድ፣ ከወንድ ጋር ደፋር። በሽር የሚባለው ደግሞ ባሪያ ነው። እነዚያ በመተማ በር የተነዱ ልጆች በቤት ሥራ ጠፍተው ቀርተዋል፣ ስማቸው በየትም አልተጻፈም፤ በሱዳናውያት ገላ ላይ ግን እየወረዱ ቡናቸውን ይጠይቃሉ። የባርነትን ታሪክ ከዚህ በላይ አጥብቆ የያዘ መዝገብ ካርቱም ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

በ1953 ግን የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ያሳተመው አንድ መጽሐፍ ወጣ። ጸሐፊው ኬንያ ውስጥ የማታሪ የአእምሮ ሆስፒታልን ያስተዳደረ ጆን ካሮተርስ ነው። የአፍሪካዊው አእምሮ የፊተኛው ክፍሉ በቀዶ ጥገና ከተነካ አውሮፓዊ ጋር ይመሳሰላል የሚል ሐሳብ አለበት። ይህ በሳይንስ ስም የተጻፈ ነው። መልሱ በጽሑፍ ብቻ አልመጣም። ናይጄሪያዊው ቶማስ አዴዮዬ ላምቦ ከ1954 ጀምሮ አቤኦኩታ አጠገብ በአሮ ታማሚዎችን ከዘመዶቻቸው ጋር በመንደር ቤት እያኖሩ፣ የአገሩን ፈዋሾችም እየጨመሩ ማከም ያዙ። በ1961 በዚያው ከተማ የመጀመሪያው የመላው አፍሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ጉባኤ ተካሄደ፤ ዶክተር ቲጃኒም ከተሰበሰቡት ዋነኞች አንዱ ነበሩ። አፍሪካዊ ሐኪሞች ስለ አፍሪካዊ አእምሮ እርስ በርሳቸው ሲወያዩ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ዶክተር ቲጃኒ በዚያን ጊዜ በአሌክሳንድርያ የዓለም ጤና ድርጅት የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ቢሮ የአእምሮ ጤና አማካሪ ነበሩ። ኢትዮጵያም በዚያ ዘመን በዚሁ ቢሮ ሥር ነበረች፤ ስለዚህ ለጃንሆይ መንግሥት በአእምሮ ጤና የሚያማክረው የቢሮው ሰው የካርቱሙ ዶክተር ናቸው ማለት ነው። ኢትዮጵያ ያላት የአእምሮ ሆስፒታል በጣሊያን ዘመን የተጀመረው የአዲስ አበባው አማኑኤል ብቻ ነበር። በኦክቶበር 1964 የካርቱም ሕዝብ የጄኔራል አቡድን መንግሥት ሲጥል አምስት ሰዎች ያሉበት የአገር መሪ ጉባኤ ተቋቋመ፤ በየተራ በሊቀመንበርነት ከመሩት አንዱ ዶክተር ቲጃኒ ሆኑ። በጃንዋሪ 1970 አረፉ። የኦምዱርማኑ የአእምሮ ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል።

ተከታያቸው ጣሃ ባሸር ናቸው። በአስዋን ግድብ ምክንያት አገሩ በውሃ ሊዋጥ ሲል የዋዲ ሐልፋን ሕዝብ የአእምሮ ጤና ያጠኑ፣ ሕክምናውን ከዋና ከተማው አውጥተው ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ያደረሱ፣ ኋላም እንደ ቲጃኒ በአሌክሳንድርያው ቢሮ የሠሩ ሐኪም ናቸው። ከሼኾቹ ጋር መነጋገሩንም ቀጠሉበት። ከካርቱም በስተምሥራቅ በኡም ደዋን ባን ትልቅ መሲድ አለ፤ ቁርዓን የሚቀራበት፣ የተረበሹ ሰዎችም ለወራት የሚቀመጡበት። እንዲህ ባሉ ግቢዎች ታማሚ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ምግብ ይቀነስበታል። በእኛም አገር ጸበል ቦታዎች ሰንሰለቱ አለ። ፈዋሹን ማክበር ሰንሰለቱን ማክበር አይደለም፤ ባሸርና ባልደረቦቻቸው ወደ እነዚህ ግቢዎች የገቡት ይህን አውቀው ነው፣ በደጁ ቆሞ በመስደብ ግን ሰንሰለት አይፈታም።

በዚያው በ1960ዎቹ ሮበርት ኺል የሚባል ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም አዲስ አበባ መጣ። ዮሴፍ ገዛኸኝና ቫን ላይክ ከተባሉ ባልደረቦቹ ጋር ወደ ወሊሶ፣ ያን ጊዜ ጊዮን ወደሚሏት ከተማ ወረደ። እዚያ አባ ወልደ ተንሣይ ያጠምቁ ነበር፤ ከየአገሩ ሕዝብ ይጎርፍላቸዋል። በ1968 በወጣው ጥናታቸው የመጡት ሰዎች ምን ሕመም እንዳለባቸው፣ ከዛር ጋር ያላቸው ነገር ምን እንደሆነ፣ ከጥምቀቱ ምን እንዳገኙ ጻፉ። በጎንደር ዛሩ ይታረቃል፤ በጊዮን ይወጣል። ዘዴው ተቃራኒ ነው። ሁለቱም ቦታ ግን አንድ ሰው ስለ ሕመሙ በሰው ፊት ጮክ ብሎ የሚናገርበት፣ የሚሰማው ሕዝብም ያለበት ነው።

ከ1975 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት በሰባት አገሮች የአእምሮ ሕክምናን ወደ ተራው ጤና ጣቢያ ለማድረስ የሚሞክር ጥናት ከፈተ፤ ሱዳን አንዷ ናት። በኢትዮጵያ የሠራው ኺልም ኋላ ከአጥኚዎቹ ተቆጠረ። በ1980 የታተመው ክፍል በሱዳን፣ በኮሎምቢያ፣ በሕንድና በፊሊፒንስ ወደ ጤና ጣቢያ የመጡ 1,624 ታማሚዎችን አየ። ከመቶው 14 ገደማ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው፤ የጤና ሠራተኞቹ የለዩት ግን ከእነዚህ አንድ ሦስተኛውን ያህል ነው። ለምን? ታማሚዎቹ ያሉት «ራሴን ያመኛል»፣ «ሆዴን ይቆርጠኛል»፣ «ያስለኛል»፣ «ደከመኝ» ነበር። ጤና ጣቢያው ለራስ ምታቱ ክኒን ሰጥቶ ይሸኛል። ባለዛሯ ግን እንዲህ ያለ ሕመም ይዛ የመጣችን ሴት የራስ ምታቱን ትታ ስለ ቤቷ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ወለደቻቸውና ስላልወለደቻቸው ልጆች ትጠይቃታለች። ሐኪሞቹ በትልቅ ጥናት የደረሱበትን እሷ ሥራዬ ብላ ስትሠራው ኖራለች።

በ1976 ካናዳዊቷ አንትሮፖሎጂስት ጃኒስ ቦዲ ከካርቱም ወደ ሰሜን ባለ የዓባይ ዳር መንደር ገባች፤ የመንደሩን ስም ለውጣ ነው የጻፈችው። በዚያ መንደር ካገቡት ሴቶች ከ40 በመቶ በላይ ዛር እንዳለባቸው አገኘች። በ1989 የወጣው መጽሐፏ ዛር ሴቶቹ ስለ ራሳቸው ቆም ብለው የሚያስቡበት መድረክ ነው ይላል። በጃንዋሪ 1988 ደግሞ ካርቱም ላይ ስለ ዛር የተዘጋጀ ዐውደ ጥናት ተካሄደ፤ ሱዳናዊው ሐኪም አሕመድ አል ሳፊና የባህል አጥኚው ሰይድ ሑረይዝ ከብሪታንያዊው ዮአን ሌዊስ ጋር ሆነው ጽሑፎቹን በ1991 በመጽሐፍ አወጧቸው። በመካከሉ ግን በጁን 1989 ኦማር አል በሽር ሥልጣን ያዘ። አዲሱ መንግሥት ዛርን ከእስልምና ውጪ ብሎ አሳደደው፤ ከበሮው ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ። በእኛም አገር ደርግ ባለዛሮችን አላስጠጋም ነበር። ምሁራኑ ጥያቄውን በትክክል መጠየቅ በጀመሩበት ሰዓት መልስ የሚሰጡት ሰዎች አፋቸውን እንዲዘጉ ተደረጉ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዚያው ዘመን ነው ሐበሻ ካርቱምን የሞላት። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከደርግ የሸሸው፣ በ1984 እና በ1985 ረሃብ የተሰደደው ሕዝብ በገዳሪፍና በከሰላ ካምፖች ሰፈረ፤ ብዙው ከዚያ ወደ ካርቱም ወጣ። ዴም፣ ሰሐፋ፣ ጀሪፍ፣ ጀብራ የሐበሻ ሰፈሮች ሆኑ። ጀብራ ከመሀል ከተማው በስተደቡብ ናት። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት አቧራው መንገድ ዳር የእንጀራ ቤት ታገኝ ነበር፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ ሱቅ ነበረ፣ ማታ ማታ ዝቅ ባለ ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ በከሰል ቡና ታፈላ ነበር። ኤርትራዊው ከኢትዮጵያዊው ተቀላቅሎ ይኖር ነበር። ወደ ሊቢያ ለመሻገር የሚጠባበቅ ነበረ፣ የተባበሩት መንግሥታትን ጥሪ የሚጠብቅ ነበረ፣ ለስድስት ወር ብሎ መጥቶ ዐሥራ አምስት ዓመት የቆየ ነበረ። ሴቶቹ አብዛኞቹ ሰው ቤት ይሠሩ ነበር።

የጀብራ ሴት ስትታመም የምትለው የጤና ጣቢያዎቹ ታማሚዎች ያሉትን ያንኑ ነበር፦ ራሴን፣ ልቤን ያፍነኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ። ፋርማሲ ትሄድ ነበር፤ ክኒን ይሰጣት ነበር። ክርስቲያን ከሆነች ቤተ ክርስቲያን ትሄድ፣ ሙስሊም ከሆነች ሼኽ ታስጠይቅ ነበር። ሆስፒታል ብትደርስ በተሰባበረ ዐረብኛ የምትናገረው የአካሏን ሕመም ብቻ ነበር፤ የቀረውን የምትነግርበት ቃል አልነበራትም። የምትሠራበት ቤት እመቤት ምናልባት ራሷ የሐበሻ ዛር ያለባት፣ በሽታዋ ሲነሣ ቀይ ለብሳ በጀበና ቡና የምታስፈላ ሴት ትሆን ነበር። ያች እመቤት ለማይታየው ሐበሻ ቡና ታስፈላለት ነበር፤ ቡናውን የምታፈላው የምትታየዋ ሐበሻ ደግሞ ጭንቀቷን የሚጠይቃት አልነበራትም። ይህን ሳስብ የመልካም አየሁ ሙያ ምን ያህል እንደጎደለን ይሰማኛል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ዘግይቶም ቢሆን ተራመደ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቡታጅራ አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደና ባልደረቦቻቸው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት አይተው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ፣ ለዓመታትም ተከታተሏቸው። በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም እየመጡ አገዙ። በአማኑኤል ሆስፒታል የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከታማሚዎቹ አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት ወደ ሆስፒታሉ ከመምጣታቸው በፊት ቄስ ወይም ጸበል ዘንድ ደርሰው እንደነበር አሳየ። ከዚህ ጋር የሚሄደው የእንጦጦ ማርያሙ ሥራ ነው። ዶክተር ዮናስ ባሕረ ጥበብ፣ ዶክተር ዳዊት ወንድማገኝና ካናዳዊው ሳሙኤል ሎው በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ የጸበሉ አጥማቂዎችና የአእምሮ ሐኪሞች አንድ ላይ መሥራታቸውን ተረኩ። ታማሚው ጸበሉን ይጠመቃል፣ መድኃኒቱንም ይወስዳል፤ ቄሱ መድኃኒቱን አትተው ይለዋል፣ ሐኪሙም ጸበሉን አትተው ይለዋል። ለብዙ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። መድኃኒት ከወሰድክ ጸበሉ አይሠራልህም ተብሎ ክኒኑን ጥሎ ለታመመ ሰው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ጀብራ በሸጀራ ካለው የታንከኞች ካምፕ ስለማትርቅ ውጊያው ደጇ ድረስ ገባ። የካርቱም ሆስፒታሎች አብዛኞቹ ሥራ አቆሙ፤ ሐኪሞቹ ተበተኑ። የጀብራ ሐበሻ የቻለው በገዳሪፍ አድርጎ መተማ ገባ፤ ሱዳናውያኑም በዚያው በር ተከተሉት። በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ የሚባሉ የስደተኛ ካምፖች ተከፈቱ፤ በአካባቢው ካለው የጸጥታ ችግር የተነሣ እዚያም እረፍት አላገኙም። ያ መንገድ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የሐበሻ ልጆች ወደ ታች የተነዱበት፣ ሌሪስ ደብተሩን ይዞ የወጣበት ነው።

በእንዲህ ያለ ካምፕ ድንኳን ውስጥ ከኦምዱርማን የመጣች ሴት «ራሴን» ስትል ካርዱ ላይ ራስ ምታት ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ የ1980ው ጥናት ያሳየው ስሕተት ማለት ነው። ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ዐረብኛዋን የሚሰማ፣ የዛሯን ስም ብትጠራ የማይደነግጥ፣ ለጎንደሩ ሐኪም በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። ከጀብራ የተመለሱት ሴቶች ዐረብኛውንም አማርኛውንም ይችላሉ፣ የካርቱምን ቤት ከጓዳው ያውቁታል።